ዲፓርትመንት መምረጥ ግራ አጋብቶኛል፤ እስቲ እርዱኝ
ሰላም ለሁላችሁም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቅርቡ ዲፓርትመንት መምረጥ አለብኝ፤ እኔ ግን ኮምፒውተር ሳይንስና ስታቲስቲክስ መሃል ቆሜ ቀርቻለሁ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። አንዱን ብጠላ ኖሮ በተገላገልኩ!

ሰው ስጠይቅ «የምትወደውን ተማር» ወይ «ሥራ ያለውን ተማር» ይሉኛል። እሺ፣ ግን እንዴት ነው የሚታወቀው? እስካሁን የጠቀመኝ የኮርሶቹን ዝርዝር ማየት ብቻ ነው። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ ሁለቱም ጋ አሉ። መጀመሪያ እነሱን ብወስድ ጊዜ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ችግሩ ኮርሶቹ የተያያዙ ናቸው። ዳታ ስትራክቸር ለመውሰድ ፕሮግራሚንግ ማለፍ ያስፈልጋል፤ አልጎሪዝም ደግሞ ከዳታ ስትራክቸር በኋላ ነው የሚመጣው። በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ካመለጠኝ የቀረው ሁሉ አንድ ዓመት ይገፋል። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። ፕሮግራሚንግን ከሒሳቡ ጋር ደርቤ ልውሰድ? ወይስ ይከብዳል? ለ1 ክሬዲት ሰዓት (በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል ማለት ነው) ከክፍል ውጭ 2 ሰዓት ማጥናት ያስፈልጋል ይባላል። 15 ክሬዲት ከያዝኩ በሳምንት 30 ሰዓት ጥናት ነው፤ ከክፍሉ ጋር 45። (እውነት እንዲህ የሚያጠና ሰው አለ?)

አማካሪ መምህሬ ጋ ልሄድ ነው። «የቱ ይሻለኛል?» ካልኳቸው ግን ጥያቄውን መልሰው ለእኔው የሚሰጡኝ ይመስለኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትጠይቋቸው ነበር?