«መንግሥቱ የሄደ ለት» ሲባል ሰውየው ነው ወይስ መንግሥት?

የልጅ ልጅ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን ይዞኛል። አያቴ በሕይወት ሳሉ በ1990 በካሴት የቀዳሁት ጨዋታ አለ። ያኔ ሰባ ዓመት አካባቢ ነበሩ። አሁን ጽሑፍ ላይ እያወረድኩ፣ እዚህ ሜሪላንድ ለተወለዱት ልጆቼ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩት ነው። አንድ ቦታ ላይ እንዲህ ይላሉ፦

«አራት መንግሥት አሳልፌያለሁ። መንግሥቱ የሄደ ለት የፈራሁትን ያህል ግን ፈርቼ አላውቅም።»

ጥያቄዬ አጭር ነው። «መንግሥቱ» ያሉት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ነው ወይስ መንግሥትን? በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለም። አንድ ዓይነት ይጻፋል፣ አንድ ዓይነት ይነበባል። በእንግሊዝኛ ግን መምረጥ ግድ ነው። ስም ከሆነ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ካልሆነ ጭራሽ ሌላ ቃል ነው። ልጆቼ የሚይዙት ታሪክም ሌላ ይሆናል።

ጦቢያ፦
ሰውየው ነው፣ ምን ጥያቄ አለው። ግንቦት 13 ቀን 1983። እኔ ተማሪ ነበርኩ። ዜናው በሬዲዮ እንደተነገረ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ የሚለው አንድ ነገር ነበር፣ «መንግሥቱ ሄደ»። «ኮበለለ» የሚለውን ከሰው አፍ የሰማሁት ቆይቶ ነው። አያትህም እንደ ሁላችን «ሄደ» አሉ። ዝጋው።

ሀሌታ፦
ጦቢያ፣ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው አንብበው። «አራት መንግሥት አሳልፌያለሁ» ብለው ነው የጀመሩት። ከዚያ «መንግሥቱ» ሲሉ ቀድሞ የተጠራውን መንግሥት እየጠቆሙ ሊሆን ይችላል። «ሁለት በግ ነበረኝ፣ በጉ የጠፋ ለት» ብትለኝ በጉ የሰው ስም ነው ወይ ብዬ አልጠይቅህም።

ጦቢያ፦
ሁለት በግ ካለህ ደግሞ «አንዱ በግ» ነው የምትለው እንጂ «በጉ» አትልም። አራት መንግሥት ቆጥረው የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ «መንግሥቱ» አይሉም። ሌላም አለኝ። የድሮ ሰው መንግሥት ሲል ቃሉ ላይ ምንም አይጨምርበትም። «መንግሥት ወሰደው»፣ «መንግሥት ከለከለ» ነው የሚለው። እንደ እግዚአብሔር ነው፣ አንድ ስለሆነ መለያ አያስፈልገውም። «መንግሥቱ» ካሉ ሰውየውን ነው።

ዋሸራ፦
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ዘለላችሁ። መንግሥት በግእዝ አንስታይ ጾታ ነው። በአባታችን ሆይ «ትምጻእ መንግሥትከ» ትላላችሁ፣ «ይምጻእ» አትሉም። መጨረሻው ላይም «እስመ ዚአከ ይእቲ መንግሥት» ነው፣ «ይእቲ» አላት። እኒህ እናት ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ ከነበሩ፣ መንግሥትን አስበው ቢሆን «የሄደች ለት» ማለት በቀናቸው ነበር። «የሄደ» ካሉ ወንድ ነው። ወንዱ ደግሞ የታወቀ ነው።

ሀሌታ፦
የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና ይህ አያስኬድም። ግእዝ ሌላ፣ የአማርኛ አፍ ሌላ። አባታችን ሆይን በቀን ሰባት ጊዜ የሚደግም ሰው ነው «መንግሥት ጨከነ» የሚለው። «ጨከነች» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ዋሸራ፦
እኔ ዋሸራ ቅኔ የቆጠርኩ ሰው ነኝ፣ የሰማሁትን እነግርሃለሁ። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌዎች «መንግሥት ገባች» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሀሌታ፦
የኔታ፣ በእርስዎ ጆሮ አልከራከርም። ግን የጎጃም ሰው ለፍቅርም ለንቀትም ወንዱን በሴት አንቀጽ ይጠራል። ያ የግእዙ ጾታ ስለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ነጩ ጋሪ፦
እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ከሰማችሁኝ። መንግሥት ሲከፈል «እመ ንግሥት» ይመስለኛል። የንግሥት እናት። እ ወድቃ መ ብቻ ቀረች። ለዚህ ነው አንስታይ የሆነው። ጥንት ሥልጣን በእናት በኩል ይወርስ ነበር ማለት ነው።

ዋሸራ፦
ወንድሜ፣ ይህ ግስ ቤት ቢሰማ አለንጋ ያስመዝዛል። ሥሩ ነግሠ ነው። በግሱ ላይ ከፊት መ፣ ከኋላ ት ሲጨመር ስም ይወጣል። ቀሠፈ ብለህ መቅሠፍት፣ ለአከ ብለህ መልእክት፣ ነግሠ ብለህ መንግሥት። ንግሥት ከዚያው ሥር የወጣች እኅቱ ናት እንጂ እናቱ አይደለችም። ፍቺው መንገሥ፣ ንግሥና ነው። ሰውየው ዙፋን ላይ መቀመጡ ራሱ መንግሥት ይባላል።

ነጩ ጋሪ፦
ተምሬያለሁ የኔታ። ግን የማርያም ንግሥ የምንለውስ?

ዋሸራ፦
እሱም ያው ነው። ታቦቱ ወጥቶ ሲከብር ነገሠ ይባላል።

ሸማ ሠሪ፦
የኔታ አሁን የተናገሩት ትልቅ ነገር ስለሆነ ሳይታለፍ ልያዘው። መንግሥት ማለት መንገሥ ከሆነ፣ ለረጅም ዘመን በቋንቋችን ሰውየውና መሥሪያ ቤቱ አልተለያዩም ማለት ነው። «በዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት» ስንል በዘውዲቱ መንገሥ ጊዜ ማለታችን ነው። ሚኒስቴሩ፣ ዳኛው፣ ግብር ሰብሳቢው ሁሉ የአንድ ሰው መንገሥ ውስጥ ተጠቃሎ ነበር። የሚኒልክ ሞት ታኅሣሥ 1906 ላይ ለምን ተደበቀ? ሰውየው ሞተ ማለት መንግሥት ሞተ ማለት ስለነበረ ነው። ዘውዱ በ1967 ከወረደ በኋላ ቃሉን ማንም አልቀየረውም። ሶሻሊስቱም «ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት» አለ፣ ንግሥናውን ሽሮ ንግሥና በሚለው ቃል ተጠራ። እኔ ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። ቃሉ የሰውየውን መሄድና የመንግሥቱን መሄድ እንድንለይ አይረዳንም። አያትየው የተናገሩት ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም የያዘውም ለዚህ ይመስለኛል።

ጦቢያ፦
በዚያ ላይ ሰውየው መንግሥቱ መባላቸው! በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ጄኔራልም መንግሥቱ ንዋይ ነበሩ። ስሙ «የእርሱ መንግሥት» ማለት ነው፣ የእግዚአብሔርን ለማለት።

የእንጦጦዋ፦
ሁላችሁም ስሙ ላይ ተጣበቃችሁ፣ ግሱን እዩት እንጂ። የእኛ ሰው መንግሥት እንዴት እንዳለቀ የሚነግርህ በግሱ ነው። ጃንሆይ «ወረዱ» ነው የሚባለው፣ ከዙፋን ስለሆነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት በቮልስ ነው የወጡት፣ ግን «ጃንሆይ የሄዱ ለት» የሚል ሰው አልገጠመኝም። ደርግ «ወደቀ»። ኢሕአዴግ «ገባ»፣ ግንቦት 20። ሹም ደግሞ «ተሻረ»፣ እሱ ከግእዙ ሰዐረ የመጣ ነው፣ ሾመም ከሤመ። እና «ሄደ» ለማን ተባለ? በ1983 ለአንድ ሰው ብቻ። ስለዚህ እኔም ከጦቢያ ጋር ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ግሱ ነው።

ሀሌታ፦
ይህ ከእስካሁኑ ሁሉ ጠንካራው ነው። ግን አራቱ አልተቆጠሩም። ጃንሆይ አንድ፣ ደርግ ሁለት፣ ኢሕአዴግ ሦስት። በ1990 ነው የተቀዳው። አራተኛው ማን ነው?

ጦቢያ፦
ጣልያን ነዋ። አምስት ዓመት።

ሸማ ሠሪ፦
በፍጹም! ጣልያን መንግሥት ተብሎ አይቆጠርም። ያ ትውልድ «በጠላት ጊዜ» ነው የሚለው። የካቲት 12ን ያየ ሰው ግራዚያኒን ከጃንሆይ እኩል መንግሥት ብሎ በጣቱ አይቆጥርም። ደግሞስ አርበኛው ጫካ እያለ የማን መንግሥት ነው የተቋረጠው?

ጦቢያ፦
ወንድሜ ስሜትህ ይገባኛል፣ እኔም የአርበኛ ልጅ ልጅ ነኝ። ግን አያቴ ራሳቸው «በጣልያን መንግሥት መንገዱ ተሠራ» ይሉ ነበር። ማሞገሳቸው አይደለም። የገዛውን ሁሉ መንግሥት ይሉታል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ ያደገ ሰው መንግሥትን መርጦ አይቆጥርም፣ ከላይ የመጣውን ይቆጥራል።

ሸማ ሠሪ፦
እኔ አልቀበልም። ዘውዲቱ ናት አራተኛዋ። በ1990 ሰባ ዓመት ከሆናቸው የተወለዱት 1920 ግድም ነው። ዘውዲቱ ያረፈችው መጋቢት 1922 ነው። ሕፃንም ቢሆኑ ደርሰውባታል።

ሀሌታ፦
የሁለት ዓመት ልጅ መንግሥት አሳለፈ አይባልም። ለእኔ አራተኛው ኢሕዲሪ፣ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው። መስከረም 1980 ላይ ሪፐብሊኩ ሲታወጅ ደርግ በሕግ ፈርሷል። ትክክለኛው አነጋገር እሱ ነው። በ1983 የወደቀው ደርግ አይደለም።

የእንጦጦዋ፦
ሀሌታ፣ እባክህ! የትኛዋ አያት ናት ኢሕዲሪን ከደርግ ለይታ የምትቆጥረው? ሰዎቹ እነዚያው፣ ቀበሌው ያው፣ ሰልፉ ያው። ያኛው ሕግ አዋቂ የሚቆጥረው ነው። አያት የምትቆጥረው በሯን ያንኳኳውን ነው።

ሀሌታ፦
እሺ፣ ይህን ተረትቻለሁ።

ጉለሌ፦
ከትናንት ጀምሮ ሳነብ ነበር፣ ዝም ማለት አቃተኝ። የልጅ ልጅ፣ አንድ ልጠይቅህ። አያትህ በ1928 የት ነበሩ? አዲስ አበባ ከነበሩ ክርክሩ ሁሉ ይገለበጣል። ሚያዝያ 24 ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ጣልያን ከተማ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። መሐል ላይ ሦስት ቀን ከተማው መንግሥት አልነበረውም። ዝርፊያ፣ ተኩስ፣ ቃጠሎ። የእኛ ቤት ሰዎች ከጣልያን መግባት ይልቅ የሚያወሩት ስለ እነዚያ ሦስት ቀናት ነው። በዚያ ላይ «መንግሥት ሄደ» የሚለው ያኔ በቀጥታ ትርጉሙ የተባለ ነው፣ ምክንያቱም መንግሥት ወደ ጎሬ እንዲዛወር ተወስኖ ነበር። እዚያ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ጊዜያዊውን መንግሥት ይመሩ ነበር። የእንጦጦዋ እኅቴ፣ «ሄደ በ1983 ለአንድ ሰው ብቻ ተባለ» ያልሽው በእኛ ሰፈር አይሠራም።

የእንጦጦዋ፦
ይህን አላሰብኩም ነበር። ግን ጃንሆይን ከሆነ «የሄዱ» ይሉ ነበር እኮ፣ በአክብሮት።

ጉለሌ፦
ጃንሆይን አላሉም፣ መንግሥቱን አሉ። መንግሥት አንቱ አይባልም። የስምንት ዓመት ልጅ ሆነው ያዩት ነው። ሰው በሕይወቱ በጣም የሚፈራው በስምንት ዓመቱ ነው፣ በስልሳ ሦስቱ አይደለም።

ሸማ ሠሪ፦
ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ይመሳሰላሉ። ሚያዝያ 1928 እና ግንቦት 1983። በሁለቱም መሪው ከሀገር ወጣ፣ አንዱ በባቡር፣ አንዱ በአውሮፕላን። በሁለቱም ያ ሁሉ ጦር በቀናት ውስጥ ተበተነ፣ ከተማው አሸናፊውን ቁጭ ብሎ ጠበቀ። በ1967 ግን እንዲህ አልሆነም። ንጉሡን ያወረዱት ከውስጥ የነበሩ ወታደሮች ስለሆኑ በማግስቱ መሥሪያ ቤት ተከፈተ። በ2004 አቶ መለስ ሲሞቱም ከተማው አለቀሰ እንጂ በር ዘግቶ አላደረም። የሚያስፈራው የመሪው መለወጥ አይደለም። ሁሉን ነገር በአንድ ሰው ላይ አንጠልጥለን ያ ሰው ሲነሳ ከሥሩ ምንም ሳይገኝ ሲቀር ነው የሚያስፈራው። እኔ ይህን ሳስብ እስካሁን ሆዴ ይረበሻል።

ዋሸራ፦
ደግ ተናገርክ። ግን «ሄደ» የሚለው በግእዙ ሖረ ነው፣ ለሞትም ይነገራል። ሞተ ለማለት አስበው ቢሆንስ?

ጦቢያ፦
የኔታ፣ ኮሎኔሉ በ1990 ሐራሬ ነበሩ፣ በሕይወት።

የልጅ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጉለሌ፣ አያቴ በ1928 አዲስ አበባ ነበሩ፣ አራዳ አካባቢ። በ1983ም እዚያው ከተማ። ስለዚህ ጭራሽ ተወሳሰበብኝ። ካሴቱን መልሼ ሰማሁት። ቀጥለው የሚሉት «በሩን ዘግተን፣ መብራት አጥፍተን፣ ድምፅ ሳናሰማ አደርን» ነው። ከዚያ ውሻ ጮኸና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

ጉለሌ፦
በ1928 አራዳ ስንቱ ቤት መብራት ነበረው! ኩራዝ ከሆነ እንጂ።

ጦቢያ፦
በቃ፣ 1983 ነው።

ጉለሌ፦
ኩራዝም መብራት ይባላል። የእኔ እናት እስኪሞቱ ኩራዙን «መብራት አጥፉ» ነበር የሚሉት።

የእንጦጦዋ፦
የልጅ ልጅ፣ «አደርን» ያሉት ከማን ጋር እንደሆነ አክስቶችህን ጠይቅ። ከእናታቸው ጋር ከሆነ አንድ ነው፣ ከልጆቻቸው ጋር ከሆነ ሌላ ነው።

የልጅ ልጅ፦
ትልቋ አክስቴ አዲስ አበባ ናት። እዚያ ሲነጋ እደውልላታለሁ።

ሀሌታ፦
እስክትደውል ድረስ፣ «ለት» ብለህ የጻፍከውን እንዴት ነው የሰማኸው? «ዕለት» ነው ወይስ «ለት»? በዐይኑ ዐ ከሆነ...

ዋሸራ፦
ዕለት በዐይኑ ነው፣ ይህ አያከራክርም።

ነጩ ጋሪ፦
የኔታ፣ እኔ «ለት» ከሌት የመጣ ይመስለኛል፣ ሌሊት ከሚለው። «መንግሥቱ የሄደ ሌት»። ደግሞ «አደርን» ብለዋል እኮ።