ኩላሊት የሚያሸልመው የሆላንድ ሾው ውሸት ነበር፣ እሺ፣ ግን ነውር ነበር ወይስ ጥሩ ሥራ?

ሮተርዳሜው፦
ሰላም ቤቶች። ልጄ ባለፈው ወር 18 ሞላችና ከዶኖር (የአካል ለጋሾች) መዝገብ ደብዳቤ መጣላት። እዚህ ሆላንድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስትሞት ኩላሊትህን ጉበትህን ምናምን ትሰጣለህ ወይ የሚለው። አራት ምርጫ አለው፣ እሰጣለሁ፣ አልሰጥም፣ ቤተሰቤ ይወስን፣ ወይ ደሞ እገሌ የሚባል ሰው ይወስንልኝ። "አባ አንተ የቱን ሞላህ?" አለችኝ። እኔ ምን እላለሁ፣ ሞልቼ አላውቅም። በዲጊዴ (የመንግሥት ኦንላይን መግቢያ) ገብታ ስታይልኝ ለካ በ2020 ሕጉ ሲቀየር የመጣልኝን ደብዳቤ ከሱፐርማርኬት ወረቀት ጋር ጥዬው ኖሮ "ተቃውሞ የለውም" ተብዬ ተመዝግቤ ቁጭ ብያለሁ። ሁለቴ ይጽፉልሃል፣ ዝም ካልክ እሺ እንዳልክ ነው የሚቆጠረው። ዝምታ ለበግም አልበጃት ማለት ይሄ ነው 😂

ብቻ ከሷ ጋ ስናወራ ያ የ2007ቱ ሾው ትዝ አለኝ። ያኔ የስደተኛ ካምፕ ነበርኩ፣ የመኖሪያ ወረቀት እየጠበቅኩ። ጁን 1፣ አርብ ማታ፣ ቲቪ ክፍል ውስጥ እኛ ሐበሾቹ፣ ሁለት የሶማሌ ልጆችና አንድ ኢራቃዊ ሽማግሌ ተቀምጠን ቢኤንኤን የሚባለው ጣቢያ "ትልቁ የዶኖር ሾው" ብሎ ጀመረ። ሊሳ የተባለች ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ያለባት ልትሞት ነው የተባለች ሴት አለች፣ ፊት ለፊቷ ኩላሊት የሚጠብቁ ሦስት በሽተኞች፣ ሁለት ሴት አንድ ወንድ፣ እሷ ኩላሊቷን ለአንዱ ልትሰጥ ነው፣ ተመልካቹ ደሞ ለማን ትስጥ እያለ በኤስኤምኤስ ይመክራል። በሽተኞቹ ቤተሰባቸውን ያሳያሉ፣ ስለራሳቸው ያወራሉ። እኛ ደች አንሰማም፣ ግን ነገሩ ገብቶናል፣ ክፍሉ ለሦስት ተከፍሎ እንደ ደርቢ ይጯጯሃል። መጨረሻ ላይ ሊሳ ስም ልትጠራ ስትል አቅራቢው አቋርጦ የሆነ ነገር ተናገረ፣ ሰው አጨበጨበ፣ እኛ ለማን እንደተሰጠ እንኳ ሳንለይ ተኛን። ቅዳሜና እሁድን ሙሉ "እነዚህ ሰዎች ኩላሊት በቲቪ ይሰጣሉ" እያልን ሰነበትን። ሰኞ ደች ክፍል አስተማሪያችን ናት ሊሳ ተዋናይ መሆኗን፣ በሽተኞቹ ግን እውነተኛ በሽተኞች እንደሆኑና ውሸቱን ቀድመው እንደሚያውቁ የነገረችን።

ይሄን ለልጄ ስነግራት "ለጥሩ ነገር ዋሹ፣ መንግሥት ደሞ ለጥሩ ነገር ዝም ማለትህን ተጠቀመበት፣ የቱ ይብሳል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የደንሃግ_ልጅ፦
እኔ እዚህ ካደግኩት ውስጥ ነኝ፣ ያኔ 15 ዓመቴ ነበር፣ ትምህርት ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም። አቋሜ አልተለወጠም፣ ጥሩ ሠሩ። ሰው የሚረሳው ነገር ጣቢያውን የመሠረተው ባርት ደ ግራፍ ራሱ የኩላሊት በሽተኛ ነበር፣ የተተከለለትን ኩላሊት ሰውነቱ አልቀበል ብሎት በ2002 ነው የሞተው፣ 35 ዓመቱ ነበር። ሾው የተላለፈው በሞተ በ5ኛ ዓመቱ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ለንግድ አይደለም፣ የልጁን ጉዳይ ነው የያዙት (ኤንደሞል ነው ያዘጋጀው፣ ቢግ ብራዘርን የፈጠረው ድርጅት፣ እሱማ ንግዱን አይጠላም 😅)።

ከመተላለፉ በፊት አገር ተቀወጠ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባልከነንደ ሳይቀር ስማችን በውጪ ይጠፋል አለ፣ ይታገድ ያለም የፓርላማ ሰው ነበር። ካለቀ በኋላ የትምህርትና ባህል ሚኒስትሩ ፕላስተርክ ጎበዞች ናቸው ብሎ አሞገሳቸው፣ በማግስቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የዶኖር ፎርም ጠየቀ፣ በ2008 ኢንተርናሽናል ኤሚ ወሰዱ። ሰው ወረፋ እየጠበቀ ሲሞት ያልተቆጣ ሁላ ለውሸት ኩላሊት ተቆጣ፣ ነጥቡም እሱ ነበር።

ሲስተር_ሐ፦
ሮተርዳሜው ወንድሜ ጥያቄህ ደስ ይላል። እኔ የኩላሊት እጥበት ክፍል ነው የምሠራው፣ ዓመቱ ቆየ። ውሸት መሆኑ እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም፣ በሽተኞቹ ፈቅደው ነው የገቡት። የሚያስጨንቀኝ ሾው ሰው ጭንቅላት ውስጥ የተወው ስዕል ነው። አሁንም ድረስ "ሲስተር ለማን እንደሚሰጥ ማነው የሚመርጠው?" የሚለኝ ሰው አለ። ማንም አይመርጥም! በሕይወት እያለህ ለወንድምህ ለጓደኛህ መስጠት ትችላለህ፣ ከሞትክ በኋላ ግን አንተም ቤተሰብህም ተቀባዩን አትመርጡም። ላይደን ያለው ዩሮትራንስፕላንት የሚባል ድርጅት ነው የሚያዛምደው፣ 8 አገር አለበት፣ የደም ዓይነት ታያለህ፣ የቲሹ ማች (መመሳሰል) ታያለህ፣ ስንት ጊዜ እንደጠበቀ ታያለህ፣ አለቀ። ቆንጆ ሁን፣ ልጅ ይኑርህ፣ ፊትህ ይጥፋ፣ ኮምፒውተሩ ፎቶህን አያውቀውም። ሾው ግን ሦስት ሰው አስቀምጦ "የትኛው ይገባዋል?" ብሎ ነው ሰውን ያለማመደው።

እጥበት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን አራት አራት ሰዓት ወንበር ላይ ነህ። ክንድ ላይ ፊስቱላ የሚባል፣ ለእጥበቱ የተገናኘ ደም ሥር ይሠራልሃል፣ ጣትህን ስታሳርፍበት እንደ ስልክ ቫይብሬት ይነዝራል። ሽንት የቆመበት ሰው ውሃ ይለካበታል፣ አንዲት ሐበሻ እናት አለችኝ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲኒ ቡና ትታ በረዶ ነው የምትመጥጠው፣ "አቦል ብቻ ቀረኝ፣ በረካዬን አንቺ ጠጪልኝ" ትለኛለች። ማች ማግኘት ደሞ ለኛ ከባድ ነው፣ ቲሹ በዘር ይወርዳልና ከኛ ሰው የሚመዘገበው ካነሰ ከኛ የሚጠብቀው ይጎዳል። ስለዚህ ልጅህ እስክትወስን እንኳ ስለ ወረፋው አስረዳት፣ ሾውን ተወው።

ጉለሌ፦
ይቅርታ ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ጥልቅ አልኩባችሁ። እናንተ ውሸት ነበር ወይ እያላችሁ ትከራከራላችሁ፣ እኛጋ እውነቱ በየቀኑ አለ እኮ። ቲክቶክ ላይቭ ማታ ማታ ክፈቱ።

ወንድሜ ኩላሊቱ አልቆ እጥበት ስንከፍል ስንከፍል ቤት ያለ ነገር ሁሉ ተሸጠ። ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ከ2015 (በፈረንጅ) ጀምሮ አለ ይባላል ግን እሱ ዘመድ ለጋሽ ይፈልጋል፣ እኛ ቤት ማች የሆነ ሰው ጠፋ፣ እኔ ራሴ ተመርምሬ የስኳር ጅማሬ አለብህ ተባልኩ። እና ገንዘብ አሰባስበን ለእጥበቱ ይሁን ብለን ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ልጅ ቤት መጥቶ ቀረጸው። ስሙ ይቅር። ወንድሜ ጋቢውን ደርቦ ቁጭ ብሏል፣ ተረጋግቶ ያወራል፣ ኳስ ሁላ አወራ። ልጁ ቀረጻውን አቁሞ ምን አለው፣ "ብሮ ጋቢውን አውልቀው ክንድህ ይታይ፣ ደሞ እንደዚህ እየሳቅክ ሰው አይሰጥም።" እናቴን በር ላይ አቁሞ እንድታለቅስ አደረጋት፣ እሷ ደሞ ሳይነግሯትም ታለቅሳለች። የዚያን ቀን ማታ ሌላ በሽተኛ ነበረ በሌላ ላይቭ፣ ትንሽ ልጅ ያቀፈች ሴት፣ አንበሳ በአንበሳ (ውዱ የላይቭ ስጦታ) ሆነላት። ለኛ ሮዝ፣ ርካሹ። እኔ ስልኬን ይዤ የሷንና የኛን ሳወዳድር አመሸሁ፣ በሷ ቀናሁ፣ በታመመች ሴት። ሲስተር "የትኛው ይገባዋል" ያልሽው እሱ ነው።

ወንድሜ አለ፣ አሁንም እየታጠበ ነው። ላይቩን ግን ሁለተኛ እምቢ አለ።

ማኅሌት፦
ጉለሌ እግዜር ይማርልህ 🙏 ቃል አጣሁ። እኔ የማልረዳው ግን አካል ጎድሎ መቀበር እንዴት ነው ነገሩ፣ እናቴ ብትሰማኝ ትገድለኛለች።

የደንሃግ_ልጅ፦
@ማኅሌት አፈር የሚበላውን ነው እኮ። ለማንኛውም አባቶችን ጠይቂ፣ እዚህ ክር ላይ አይፈታም።

ነገረኛው፦
ጉለሌ በርታ ወንድሜ። እኔ ወደ ቁጥሩ ልመለስ፣ የደንሃግ ልጅ፣ ፎርም ጠየቁ አልክ እንጂ ሞልተው መለሱ አላልክም፣ በመሃል ትልቅ ገደል አለ። ሞቅታ ይበርዳል። ፌስቡክ በ2012 ሜይ 1 አሜሪካ ውስጥ "ለጋሽ ነኝ" ብለህ የምትለጥፍበት ነገር ሲጀምር በመጀመሪያው ቀን 13,054 ሰው ኦንላይን ተመዘገበ፣ በፊት በቀን 616 አካባቢ ነበር፣ 21 እጥፍ ማለት ነው! በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሁለት እጥፍ ወረደ። መጥፎ አይደለም፣ ግን ማንንም ሳይዋሹ ነው። 

ሆላንድ ደሞ ሾው ካለፈ 13 ዓመት ቆይቶ ነው ያ ዝም ያለውን እሺ እንዳለ የሚቆጥረው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው። በ2016 የታችኛው ምክር ቤት 75 ለ 74 ነው ያለፈው፣ ተቃዋሚ የሆነ አንድ የፓርላማ አባል ባቡር አምልጦት ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ፣ ቢደርስ እኩል ሆኖ ይወድቅ ነበር 😂 የላይኛው ደሞ በ2018 38 ለ 36። እና ሮተርዳሜው አንተን ዶኖር ያደረገህ የሊሳ እንባ ሳይሆን ያመለጠ ባቡር ነው።

ጉለሌ፦
😂😂 ነገረኛው ገደልከኝ። ሮተርዳሜው ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ካምፕ ውስጥ ሆነህ ለማን ብለህ ነበር የምትጮኸው?

ሮተርዳሜው፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁም፣ ሲስተር ያልሽውን ለልጄ አነበብኩላት። ጉለሌ የወንድምህን ነገር በውስጥ መስመር ጻፍልኝ እስቲ፣ ጥቂት ሰው አለን እዚህ። ቪዲዮ አንፈልግም።

ለጥያቄህ፣ ከሴቶቹ ለአንዷ ነበር። ስትስቅ ታላቅ እህቴን ትመስለኝ ነበር። የምትለው ነገር አንድም አይገባኝ፣ ምን ያህል እንደጠበቀችም አላውቅ፣ ግን ለሷ ነው መሰጠት ያለበት ብዬ ከኢራቃዊው ሽማግሌ ጋ ልጣላ ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ለወንዱ ነበሩ።

ልጄ ትናንት ማታ ሞላችው። እሰጣለሁ ብላ ዓይንን ብቻ አወጣችው፣ የማትፈልገውን መተው ይቻላል። ለምን ዓይን ስላት "ደስ አላለኝም አባ፣ ማስረዳትም የለብኝም" ብላ ላፕቶፑን ዘጋችው።