ጥቆማ፦ ለጎጃም መንገድ የትኛው ጎማ፣ ምን ያህል ከፍታ?

ጥያቄ፣ ከሞጣ

ሰላም ወገኖች። ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር 78 አለኝ። ሞተሩ ቱርቦ የሌለው 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ጎማው ከፋብሪካ እንደመጣ ከመነዳሪ ያለው 7.50 አር 16። ሥራዬ ከሞጣ በድጓ ጽዮን፣ በጮቄ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ክረምት ሲሆን ገጠር ቀበሌዎችም እገባለሁ። 285/75 አር 16 ጎማ ላስገጥምና መኪናውን በ10 ሴንቲ ከፍ ላስደርገው አስቤያለሁ። ምን ትላላችሁ? የትስ ላሠራው?

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ወንድሜ፣ 10 ሴንቲውን ተወው። 285ቱንም ተወው። ምክንያቱን ልንገርህ።

ሞላና ባሌስትራ ሲቀየር ከፍ የሚለው ሻንሲውና ቦዲው ነው። ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻል (በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው የማርሽ ቋት) ግን እዚያው ቦታው ላይ ይቀራል። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፣ ያውም ጎማው በቁመት ከጨመረው ግማሹን። የአንተ 7.50 ቁመቱ 80 ሴንቲ ተኩል ገደማ ነው፤ 285/75 ደግሞ 83 ሴንቲ ከምናምን። ልዩነቱ 3 ሴንቲ አይሞላም፤ ዲፈረንሻልህ የሚያተርፈው አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ነው። ለዚህች ብለህ ቸርኬ ሁሉ ልትቀይር ነው፤ 285 በጠባቡ የፋብሪካ ቸርኬ ላይ አይቀመጥምና።

ሌላው ጮቄ ነው። አናቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። መንገዱ አናቱን ባይረግጥም ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገቱ ላይ ጉልበቱ መክዳቱን አንተው ታውቀዋለህ። ትልቅና ከባድ ጎማ ስታስርበት ማርሹን እንዳረዘምክበት ቁጠረው፤ በሁለተኛ የምትወጣውን ዳገት በአንደኛ ትወጣዋለህ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑ ይለፋል።

ስለዚህ የኔ ጥቆማ 7.50 አር 16ህን ይዘህ ጥርሱ ገለጥለጥ ያለ የጭቃ ጎማ ግዛ። ጠባብ ነው፣ ረጅም ነው፤ ላዩ ጭቃ ታቹ ጠንካራ በሆነ መንገድ ላይ ጭቃውን ሰንጥቆ ታቹን ይረግጣል። ትንንሽ አይሱዙዎችም ስለሚያስሩት ትንሽ ከተማ ብትቆም እንኳ ጎሚስታው ከመነዳሪውን ያውቀዋል፣ ምናልባት ጎማውም ይኖረዋል። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይኼ ነው፤ 285 ገጠር ላይ ቢቀደድብህ ከአንዱ ስኮርታህ ሌላ ተስፋ የለህም። ዋልካውን ግን አትድፈረው። በነሐሴ ታች የሌለው ጥቁር አፈር ውስጥ ጠባቡም ሰፊውም ይሰምጣል፤ ሰንሰለት ያዝ፣ ካልሆነም ዝናቡ አባርቶ እስኪጠነክር ጠብቅ።

ከመነዳሪ ከሰለቸህ ሁለተኛው ምርጫ 235/85 አር 16 ነው። ቁመቱ ከ7.50 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ቸርኬው ግን ቢያንስ 6 ኢንች ስፋት ያለው፣ ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ከፍታው። ጭነት የምታበዛ ከሆነ 5 ሴንቲ ይበቃሃል፤ እሱም ቢሆን ሲጫን ኋላው እንዳይቀመጥ ነው። ሦስት መንገድ አለ።

ባሌስትራ ቤት ሄደህ አንድ ቅጠል ማስጨመር ርካሹ ነው፤ በየከተማችንም ይሠራል። ሁልጊዜ ለሚጫን መኪና ጥሩ ነው፤ ባዶውን ስትሄድ ግን ወገብ ይቆርጣል። የኋላ ብቻ ስለሆነም መኪናው አፍንጫውን ይደፋል።

ቶርኖ ቤት ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ድርብ ብረት) አስቀርጾ ከሞላው ሥር ማስገባት ሁለተኛው ነው። ይኼን አልመክርም። ሞላው ያው የደከመው ሞላ ነው፣ አሞርዛተሩም (የሞላውን መንጠር የሚያበርደው) ያው አጭሩ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ጎማው ሲወርድ አሞርዛተሩ እስከ ጫፍ ተስቦ ይመታል፣ ቶሎም ይፈሳል።

ሦስተኛው ሞላ፣ ባሌስትራና አሞርዛተር አንድ ላይ እንደ ሙሉ ዕቃ መግዛት ነው። የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ለምሳሌ በጭነት ልክ ተለይቶ ይሸጣል፤ ባዶ ለሚሄድ ሌላ፣ ሁልጊዜ ለሚጫን ሌላ። ውድ ነው፤ በብዛትም ከአዲስ አበባ ማስመጣት አለብህ። ገንዘብ ካለህ ግን ሌላውን አትነካካ። የመኪናህ ፊት ሞላ ከሆነ (በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 ወዲህ የወጡት ናቸው) ካስተር ቡሽ (ከፍታው ያዛባውን የፊት አክስል አንግል የሚመልስ ላስቲክ) አብረህ አስቀይር፤ አለበለዚያ ከደጀን ባሕር ዳር አስፋልቱ ላይ መሪው እየዋለለ ያደክምሃል። የፍሬን ቱቦዎቹ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲወርድ እንዳይወጠሩም በክሪክ አንስተህ በዓይንህ እይ።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ

እኔስ? ሂሉክስ ነው፣ 265/65 አር 17። አብዛኛው መንገዴ አስፋልት ነው፣ አልፎ አልፎ ወደ ሰከላ እወጣለሁ።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ለአንተ ጭቃ ጎማ አያስፈልግህም፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ያንሸራትታል፣ ጩኸቱም አያስወራም። ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆነውን ግዛ። ቁመት ካስፈለገህ 265/70 አር 17 አለ፤ 2 ሴንቲ ተኩል ያህል ይረዝማል፤ የፍጥነት ሰዓቱ 80 ሲልህ 83 ገደማ እየሄድክ ነው። መሪውን እስከ ጫፍ አዙረህ ፓራፋንጎውን እንዳይነካ ሳታይ ግን ገንዘብ አትክፈል። የሂሉክስ ፊት እያንዳንዱ ጎማ ለየብቻው የሚወርድ የሚወጣ ስለሆነ ከ5 ሴንቲ በላይ ከፍ ብታደርገው ሲቪ ጆይንቱ (ጉልበቱን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው ተጣጣፊ መጋጠሚያ) ከአቅሙ በላይ ይታጠፋል፤ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ አፈር ይገባና ያልቃል። ከፍ ካደረግከው በዚያው ቀን አላይመንት አሠራ፤ መብራቱንም ዝቅ አስደርግ፤ አለዚያ ፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያሳውራል።

ለሁለታችሁም፦ ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2423 ካለ በአውሮፓ 2023 በ24ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የከረመ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቋል፤ ዓባይ በረሃ ሙቀት ውስጥ ተጭኖ ሲወርድ አትመኑት። የሞጣው ወንድሜ፣ ቸርኬህ ባለ ቀለበት ከሆነ ጎሚስታው ሲነፋ ቀለበቱን በሰንሰለት ጠፍሮ ይንፋ፤ አንተም ፊት ለፊቱ አትቁም፣ ከተፈናጠረ ሰው ይገድላል። ባሌስትራም ካስነካህ ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ ተመልሰህ ዩ ቦልቱን (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረውን ብሎን) አስጠብቅ።