«ሺርዎተር» የምትባለው ወፍ በአማርኛ ማን ትባል?

ጥያቄ፣ ከከዚራ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የእህቴ ልጅ ስለ ውቅያኖስ ወፎች እንዲጽፍ ከትምህርት ቤት ታዝዞ «ሺርዎተር» የሚል ስም ይዞብኝ መጣ። «የባሕር ወፍ ናት» አልኩት። «የትኛዋ የባሕር ወፍ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ስለ ጭላት፣ ስለ ቁራ፣ ስለ ጥንብ አንሳ ቢጠይቀኝ ኖሮ ማታውን ሙሉ አወራው ነበር። እስቲ እርዱኝ።

መልስ፣ ከጀጎል (ሐረር)፦

አቦ፣ ጥሩ ነገር ነው ያነሳኸው ወንድሜ። የእንግሊዝኛው ስም ከሁለት ቃል የተሠራ ነው። አንዱ መሸለት ነው፣ የበግ ጠጉር እንደምንሸልተው። ሌላው ውሃ። ውሃ የምትሸልት ማለት ነው። ምን ማለት እንደሆነ እኔ የገባኝ እዚሁ ሐረር ሥጋ ተራ ነው። አንድ ቀን የግመል ሥጋ በፌስታል ይዤ ስወጣ ጭላት ከኋላዬ መጣ። ክንፉን አንዴም አላራገበም። ጭራውን እንደ መሪ ዘንበል አድርጎ፣ በአንድ ጎኑ ተጋድሞ፣ የክንፉ ጫፍ ጆሮዬን ነክቶኝ አለፈ። ድምፅ የለውም። ነፋስ ብቻ ነው የተሰማኝ። ፌስታሉን ሳይ ተቀዷል።

አሁን ጆሮዬን ተውና በምትኩ የባሕር ውሃ አድርግ። ይቺ ወፍ ረጅም ቀጭን ክንፏን ገትራ፣ አንዱን ጫፍ ወደ ሰማይ፣ ሌላውን ወደ ሞገዱ አድርጋ ትንሸራተታለች። የታችኛው ጫፍ ውሃውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ስሙ ከዚያ መጣ።

አማርኛ ደግሞ ወፍን በሥራዋ መጥራት ያውቅበታል። ጥንብ አንሳ አለን። ግንደ ቆርቁር አለን። በዚያው መንገድ «ሞገድ ሸልት» ብትባል ምን ይላችኋል? «ማዕበል»ን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ማዕበል መርከብ የሚያሰጥም ነው፣ ሰው በሕይወቱ የገጠመውን መከራም እንጠራበታለን። ሞገድ ግን የዘወትሩ ነው፣ እየመጣ የሚሄደው።

መልስ፣ ከመጋላ (ድሬዳዋ)፦

እኔም «ሸልት»ን ወድጄዋለሁ እህቴ፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ ስለ ባሕር ሲናገር ድሮም ቢላዋውን ይዞ ነው። «ባሕር አቋረጠ» እንላለን። «አቋረጠ» የ«ቆረጠ» ልጅ ነው። ወሬ ስናቋርጥም፣ መንገድ ስናቋርጥም መቁረጡ አለበት። እኔ በየቀኑ የደቻቱን ወንዝ አቋርጬ ወደ ከዚራ እሄዳለሁ። ደቻቱ ደግሞ ዓመቱን በአብዛኛው አሸዋ ነው። ያም ሆኖ «ተሻገርኩ» ወይም «አቋረጥኩ» ነው የምለው። ስለዚህ «ባሕር አቋራጭ» ብንላት ሁለቱንም ትርጉም ታገኛለች፤ ትቆርጠዋለችም፣ ትሻገረዋለችም።

መሻገሩ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ጥቁር ቡናማዋ ሺርዎተር ኒው ዚላንድ ትፈለፍልና ፓስፊክን ወደ ሰሜን ትወጣለች። አንዷ ጃፓን፣ አንዷ አላስካ፣ አንዷ ካሊፎርኒያ ትደርሳለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት መሣሪያ አስሮባቸው ተከታትሎ ነበር። የደርሶ መልሱ ጉዞ 64,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ምድርን አንድ ጊዜ ተኩል ከመዞር ይበልጣል።

ሌላ የማልተወው ነገር አለ። የሜዲትራኒያኗን ዘመዷን ቱርኮች «የልኮቫን» ይሏታል። «የል» ነፋስ ነው፣ «ኮቫን» አባራሪ። የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪውም በቱርክኛ ያው «የልኮቫን» ነው። ኢስታንቡል ላይ በመንጋ ሆነው ቦስፎረስን ሲመላለሱ ከጎናቸው የሚያልፈው የመንገደኛ ጀልባ «ቫፑር» ይባላል። ይህን ቃል የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ የኛ «ባቡር» ነው! እንፋሎት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ተነስቶ የመርከብ ስም ሆነ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሐዲድ ላይ ወጣ። «ምድር ባቡር» የምንለውም ለዚህ ይመስለኛል። «ምድር» ካልተባለ የባሕሩ ነዋ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ሠርቶ ነው ያሳደገን። የሚሠራበት ነገር ስሙን ከመርከብ እንዳመጣው ሳልነግረው ማረፉ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መልስ፣ ከጀጎል፦

ነፍስ ይማር፣ ወንድሜ። የባቡሩን ነገር አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ።

«ነፋስ አባራሪ» ግን በአማርኛ ጆሮ አይሆንላትም። ነፋስን መከተል ለኛ ከንቱ ድካም ነው፣ መክብብ እንዳለው። «ነፋስ ወደነፈሰበት የሚያዘነብል» ስንልም ሰውየውን እየነቀፍነው ነው። ለወፏ ግን ነፋስ እንጀራዋ ነው። ውሃው አጠገብ ነፋሱ ይደክማል፣ ሞገዱ ይይዘዋል። ጥቂት ሜትር ከፍ ሲሉ ይበረታል። እሷ ይህን ልዩነት ታውቀዋለች። ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ ትወጣለች፣ ከላይ ትዞራለች፣ ነፋሱን ከጀርባዋ አድርጋ ቁልቁል ትምዘገዘጋለች። በፍጥነቷ እንደገና ትወጣለች። ክንፍ ሳታራግብ ብዙ መንገድ ትሄዳለች። የባሕር ውሃ ጠጥታ ጨዉን ከዓይኗ በላይ ባለ ዕጢ አጣርታ በአፍንጫዋ ታወጣዋለች። ውቅያኖስ ላይ የሚቸግራት ነገር ጥቂት ነው። መሬት ላይ ግን ከባሕር የወጣ ዓሣ ናት። እግሯ ወደ ኋላ የተተከለ ስለሆነ በቅጡ አትቆምም። ማንክስ የምትባለዋ ዓይነት አዳኝ ወፎችን ፈርታ ወደ ጎጆዋ የምትመጣው በጨለማ ነው። ጎጆዋም የአፈር ጉድጓድ ነው።

ይህችው ማንክስ እ.ኤ.አ. በ1952 ያደረገችውን ልንገራችሁ። አንዷን ከዌልስ ስኮክሆልም ደሴት ወስደው አሜሪካ፣ ቦስተን ላይ ለቀቋት። በመሃል 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል አትላንቲክ አለ። በ12 ቀን ተኩል ጉድጓዷ ገባች። «ለቀናታል» የሚለው ደብዳቤ የደረሰው ከሷ በኋላ ነው። እንግዲህ «ባሕር አቋራጭ» የሚለው ስም ይገባታል፣ እቀበላለሁ። ብቻ «ባሕር አቋራጭ» ነጋዴም ነው፣ መርከብም ነው፣ ስደተኛም ነው። «ሞገድ ሸልት» ግን ከሷ ሌላ ባለቤት የለውም።

ከከዚራ፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለልጁ አነበብኩለት። ደብተሩ ላይ «ሞገድ ሸልት» ብሎ ጻፈና ከሥሩ «ባሕር አቋራጭ ወፍ ናት» ብሎ አብራራ። ቀጥሎ ስለ ጫጩቷ ጠየቀኝ። በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው። ጫጩቷ በዘይታም ምግብ ደልባ ከእናት ከአባቷ ትከብዳለች። ከዚያ ወላጆቿ መምጣት ያቆማሉ። ጉድጓዱ ውስጥ ለቀናት ብቻዋን ጾሟን ትቆይና አንድ ሌሊት ወጥታ ወደ ባሕር ትበራለች። መንገድ የሚያሳያት የለም። ለሕፃን «ጡት ጣለ» እንላለን። ለዚች ምን እንበል? «ለአቅመ ክንፍ ደረሰች» ብየው ነበር። የተሻለ ያለው ይጻፍልኝ፣ ደብተሩን የሚያስረክበው ሰኞ ነው።