1.4 ሴንቲሜትር የሆነ እብጠት ይህን ሁሉ ሆርሞን እንዴት ያመርታል? ለልጆችስ ይተላለፋል?

የአቶቴ ልጅ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። ደም ግፊት ከያዛት ቆይቷል፤ ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰደችም አልወርድ ብሏል። አሁን ደግሞ እግሯን ይጨመድዳታል፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግማ ትነሳለች። ከቤት እስከ ባጃጅ መያዣው መራመድ እንኳ ከብዷታል። ደሟ ሲመረመር ፖታሲየሟ 2.7 ሆኖ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሲቲ ስካን ደግሞ ከግራ ኩላሊቷ በላይ ባለው አድሬናል እጢ ላይ 1.4 ሴንቲሜትር እብጠት አሳየ። ሐኪሙ «ሆርሞን እያመረተ ሊሆን ይችላል» ብሎ አልዶስተሮንና ሬኒን የሚባሉ የደም ምርመራዎች አዘዘልን። ወረፋው ብዙ ስለነበር መጠየቅ አልቻልኩም። ጎረቤቱ ሁሉ «ሐሳብ ነው፣ ጨው ቀንሱላት» ይለናል። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር እንዴት ሰው ያደክማል? ዘር ከሆነስ እኔና ወንድሜ መመርመር አለብን?

መምህሩ (አዳማ)፦
እህቴ፣ ለእናትሽ ምሕረቱን ያውርድላቸው። እዚህ አዳማ ለጤና ተማሪዎች ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሕክምናውን ነገር ሐኪማቸው ይወስን። የጂኑን ጉዳይ ግን ላስረዳሽ፣ በጣም የምወደው ርዕስ ነው።

ትንሽ መሆኑ አይግረምሽ። አልዶስተሮን የሚባለውን የአድሬናል ሆርሞን የሚያመርቱ እብጠቶች ብዙዎቹ ከ2 ሴንቲሜትር በታች ናቸው። ዋናው ነገር በውስጣቸው የትኛው ጂን እየሠራ ነው የሚለው ነው። አልዶስተሮንን የሚሠራው ኤንዛይም የሚመረተው ሲዋይፒ11ቢ2 ከሚባል ጂን ነው። በጤነኛ ሰው ይህ ጂን የሚሠራው በእጢው የውጭ ንብርብር ነው፤ እዚያም ቢሆን ልክ አለው። ኩላሊት ሬኒን ስትለቅ ወይም ደም ውስጥ ፖታሲየም ሲበዛ ይነቃል፣ ሲበቃ ይቀንሳል። እብጠቱ ውስጥ ግን ማንም ሳያዘው ይሠራል። አልዶስተሮኑ ሲበዛ ኩላሊት ጨውን ታስቀራለች፣ ፖታሲየምን በሽንት ታስወጣለች። ግፊቱም፣ የእግሩ መጨምደድም፣ ሌሊት መነሳቱም ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ሁለቱ ምርመራዎች አብረው የታዘዙትም ለዚሁ ነው፦ አልዶስተሮን ከፍ ብሎ ሬኒን በጣም ዝቅ ካለ፣ እጢው ያለ ትእዛዝ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ጂኑን ምን ቀሰቀሰው? በ2011 እ.ኤ.አ. በዬል ዩኒቨርሲቲ የሪቻርድ ሊፍተን ቡድን አንድ ትልቅ መልስ አገኘ። ኬሲኤንጄ5 የሚባል ሌላ ጂን አለ። እሱ የሚሠራው ፕሮቲን በሴሉ ሽፋን ላይ ፖታሲየምን ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው። ጂኑ ላይ አንዲት ፊደል ስትቀየር በሩ መምረጥ ያቅተውና ሶዲየም ያስገባል። የሴሉ የኤሌክትሪክ ሚዛን ይዛባል፣ ካልሲየም ይገባል፣ ካልሲየሙ ሲዋይፒ11ቢ2ን ያነቃዋል። የአንዲት ፊደል መዘዝ ነው፤ ሁሌም ይደንቀኛል። በሌሎች እብጠቶች የሚለወጡት ሌሎች ጂኖች ናቸው፤ መንገዱ ግን በአብዛኛው ወደ ካልሲየም ያመራል።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ ልምጣ። ይህ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ሲወለዱ የነበረ አይደለም። ካደጉ በኋላ እጢው ውስጥ ባለ ሴል ላይ የተፈጠረ ነው፤ ስለዚህ ለልጅ አይተላለፍም። የሚወረስ ዓይነት አለ፣ ግን ጥቂት ነው። በቤተሰባችሁ ከ20 ዓመት በፊት ግፊት የጀመረው ወይም ከ40 በፊት ስትሮክ የመታው ሰው ካለ ለሐኪሙ ንገሪው። ባይኖርም አንቺና ወንድምሽ ግፊታችሁን ተለኩ፤ ምንም አይጎዳም።

ጨው መቀነሱ ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት። «ሐሳብ ነው» የሚለውን ግን አትቀበዪ። እናትሽ ተጨናንቀው አይደለም የታመሙት።

ነርስ ከፒያሳ (ሐዋሳ)፦
መምህር፣ ተባረክ። እኔ የምሠራው ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። እህቴ፣ ቀዶ ሕክምና ከመወሰኑ በፊት ስለ ሜታኔፍሪን (አድሬናሊን ሲሰባበር የሚቀረው ነገር) እና ስለ ኮርቲሶል (ሌላው የእጢው ሆርሞን) ምርመራም ጠይቂ። አድሬናሊን የሚረጭ እብጠት ሳይታወቅ ከተነካ ግፊቱ ቀዶ ሕክምናው ላይ እያሉ ሰማይ ይደርሳል። እሱኛው ዓይነት ደግሞ ሲሶ ያህሉ የሚወረስ ነው። ሌላው፣ በእሳቸው ዕድሜ ሲቲ ብቻውን አይበቃም። ምንም ሆርሞን የማያመርት እብጠትም ብዙ ሰው ላይ ስለሚገኝ፣ ሆርሞኑ ከየትኛው ጎን እንደሚመጣ መታወቅ አለበት።

የአቶቴ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለወንድሜም አነበብኩለት። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ስፓይሮኖላክቶን የሚባል አልዶስተሮንን የሚያግድ መድኃኒት ጀምራለች። ምርመራውን ያበላሸዋል?

መምህሩ፦
ሊያዛባው ይችላል። ብዙ ጊዜ ሐኪሞች 4 ሳምንት ያህል አስቁመው ያስመረምራሉ፤ ሬኒኑ አሁንም ዝቅ እንዳለ ከሆነ ግን ሳይቆምም ውጤቱን ማንበብ ይቻላል። በራሳችሁ እንዳታቆሙት። ፖታሲየማቸውም አስቀድሞ መስተካከል አለበት። ቅድም እንዳልኩሽ ጂኑን ከሚያነቁት አንዱ ፖታሲየም ነው፤ እሱ ካነሰ አልዶስተሮኑም ያንስና በሽታው የሌለ ሊመስል ይችላል። 2.7 ደግሞ ለልብም ጥሩ አይደለም። ልባቸው ምት ከሳተ ወይም ጡንቻቸው ከዛለ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።