የቡናችንን ታሪክ ለገዢዎች ከየት ልጀምር? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ይርጋጨፌ አካባቢ የታጠበ ቡና አዘጋጅቶ ወደ ውጭ በሚልክ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለውጭ ገዢዎች የ10 ደቂቃ ገለጻ አቀርባለሁ፤ መግቢያው ግን አልወጣልህ ብሎኛል።

ባለፈው ያቀረብኩት ቁጥር ብቻ ነበር፦ ከፍታ፣ የእርጥበት መጠን፣ የቅምሻ ውጤት። ሦስተኛው ስላይድ ላይ ሳልደርስ ሰዎቹ ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ። ቡናው ጥሩ ስለነበር በጣም አዘንኩ።

አሁን በታሪክ መጀመር እፈልጋለሁ። የካልዲንና የፍየሎቹን አፈ ታሪክ ብዙ ላኪ ስለሚያወራው ትቼዋለሁ። ቡናው በሚሰጣበት ከፍ ያለ ማድረቂያ አልጋ ዳር ቆመው የተበላሸውን ፍሬ በእጃቸው የሚለቅሙ አንዲት እናት አሉን። ፀሐይ ሲበረታ ሮጠው ቡናውን ይሸፍኑታል፤ በሙቀቱ የፍሬው ገለፈት ከተሰነጠቀ ጣዕሙ ይጎዳል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ ቀይ እሸት እንደሚያስፈልግ ከእሳቸው ሥራ ጋር አያይዤ ብናገር፣ ቁጥሩ ልብ ውስጥ የሚቀር ይመስለኛል።

ስለማመድ ግን የእሳቸው ታሪክ ብቻውን 6 ደቂቃ ይወስድብኛል፤ ዋጋውና የመላኪያ ጊዜው በጥድፊያ ያልፋል። እሳቸው ስለ እኔ ተናገር ብለው ፈቅደውልኛል፤ ሙያቸው እንዲታይ እንጂ ሰው እንዲያዝንላቸው አልፈልግም። ደግሞ እኔ ያደግኩት «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ በሚመልስ አድማጭ መካከል ነው። ዝም ብሎ የሚያይን ገዢ እንዴት ነው ወደ ወሬው የማስገባው?

እንዲህ ያለ ገለጻ ያቀረባችሁ፣ የመጀመሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገራችሁ ምን እንደነበር ብትነግሩኝ እንኳ ይበቃኛል።