ለግቢያችሁ ሁለተኛ ቡችላ ለምታስገቡ፦ የሐኪም፣ የአሰልጣኝ፣ የምግብና የማደሪያ ጥቆማ

ከአያት አልፈን በለገጣፎና በለገዳዲ አቅጣጫ ቤት ሠርተን የገባን ሰዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ውሻ እንጀምርና የጅብ ድምፅ ሌሊት ከአጥሩ ሥር ሲሰማን ሁለተኛ ማስገባት እናስባለን። በእኔ ግቢ መቻል የሚባል 7 ዓመት የሞላው ወንድ ውሻ አለ፤ አምና በጥቅምት መጀመሪያ የ10 ሳምንት ሴት ቡችላ አመጣሁበት። በዚሁ ምክንያት ሐኪሙንም፣ ምግቡንም፣ ማደሪያውንም፣ አሰልጣኙንም አማርጬ ስላየሁ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ላላችሁ ይጠቅማል ያልኩትን እጽፋለሁ። አስቀድሜ አቋሜን ልናገር፦ አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለአዲሷ ነው፤ ለዝርያዋ፣ ለአንገት ቀበቶዋ፣ ለወተቷ። እኔ ግን አገልግሎቱንም ዕቃውንም የመዘንኩት ነባሩን ውሻ ሳያስከፋ አዲሷን ያስገባልኛል ወይ በሚል ብቻ ነው።

ቡችላ ከጎረቤት፣ በቴሌግራም ከሚሸጡ አርቢዎች ወይም በመንገድ ዳር በካርቶን ይዘው ከሚቆሙ ልጆች ይገኛል። የመጨረሻውን አልመክርም፤ 8 ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ የተለየች ቡችላ የመንከስን ልክ ከእናቷና ከወንድሞቿ ሳትማር ስለምትመጣ ነባሩን ውሻ ታሰለቸዋለች። ከጎረቤት ስትወስዱ ግን እናቲቱንና ጠባይዋን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ነባሩ ወንድ ከሆነ ሴት፣ ሴት ከሆነች ወንድ መጨመር ይሻላል፤ በተለይ ሁለት ሴቶች አንድ ጊዜ ክፉኛ ከተጣሉ ማስታረቁ ከባድ ነው። ወንድና ሴት ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ወጪ ይመጣል፤ ሴቷ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜዋ ለስሪያ ትደርሳለች፣ እርግዝናውም 63 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ ሁለት ውሻ አሳድጋለሁ ያለ ሰው ሳያስበው ስምንት ሊያገኝ ይችላል። የማምከኛውን ቀዶ ሕክምና ዋጋ ቡችላዋን ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቁ።

በሐኪም ምርጫ ሦስት መንገድ ሞክሬያለሁ። በአቅራቢያችን ያለው የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በቅርበቱና በዋጋው ጥሩ ነው፤ ሠራተኞቹ ግን ላምና በሬ፣ በግና አህያ የለመዱ ስለሆኑ ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያለፈ ነገር እምብዛም አላገኘሁም። ቤት ድረስ የሚመጡት የግል ሐኪሞች ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ይሁን እንጂ ያልተከተበች ቡችላ የታመሙ ውሾች ተራ ከሚጠብቁበት ስፍራ ሳትደርስ፣ ነባሩም ውሻ መኪና ላይ ሳይንገላታ በአንድ ጉዞ ሁለቱም ስለሚታዩ፣ ለዚህ ጉዳይ የመጀመሪያ ምርጫዬ እነሱ ናቸው። ሲመጡ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን መያዛቸውን ተመልከቱ፤ በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ራሳችሁ አንብቡ። አንድ ጊዜ ሐኪም ነኝ ያለ ሰው ብልቃጡን ከጃኬቱ ኪስ ሲያወጣ አይቼ የትራንስፖርቱን ከፍዬ ሸኝቼዋለሁ። ሦስተኛው ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ለክትባት ብቻ ተብሎ አይኬድም፤ ለቀዶ ሕክምናና ለከበደ ሕመም ግን ድካሙ አይቆጭም።

የትኛውንም ብትመርጡ ስለ መርሐ ግብሩ ጠይቁት። ፓርቮንና ዲስቴምፐርን፣ ማለትም ቡችላን ሊገድሉ የሚችሉ ሁለት የቫይረስ በሽታዎችን፣ የሚከላከለው ጥምር ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ፣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል፤ የሚደጋገመውም ቡችላዋ ከእናቷ ወተት ያገኘችው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈውና የሚያልቅበት ቀን ከቡችላ ቡችላ ስለሚለያይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወር ተሰጥቶ ከዓመት በኋላ ይደገማል። «አንድ መርፌ ይበቃታል» ያለ ሐኪም ሌላ ሐኪም እንድትፈልጉ ነገራችሁ ማለት ነው። የነባሩ ክትባት ያለፈበት ከሆነ ከእሱ ጀምሩ። ከዚህ ቀደም በግቢያችሁ በፓርቮ የሞተ ውሻ ካለ ደግሞ ቫይረሱ ዓመትና ከዚያም በላይ በአፈር ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ በተራ ሳሙና አይሞትም፤ ሲሚንቶ የሆነውን ስፍራ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ በጥብጦ ማጠብ ይረዳል። ለከብት የተዘጋጀውን የመዥገርና የትል መድኃኒት በግምት ለቡችላ መስጠት በሰፈራችን የተለመደ ነው፤ ሊገድላት ይችላል።

አሰልጣኞች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ውሻውን ለአንድ ወር ወስደው የሚመልሱና ቤት እየመጡ የሚያሠለጥኑ። የመጀመሪያውን ሞክሬ ተጸጽቻለሁ፤ መቻል ሲመለስ ቁጭ በል ሲባል ይቀመጣል፤ ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር ግን ከመኪናው ሥር ይገባ ነበር። ሁለት ውሾችን ማላመድ በሚኖሩበት ግቢ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ቤት የሚመጣውን እመርጣለሁ። ስትቀጥሩት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ነባሩ ሲያጉረመርምባት ምን ታደርጋለህ?» በሉት። እመታዋለሁ ካለ በሩን አሳዩት፤ ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነውና፣ ስላጉረመረመ የተቀጣ ውሻ ሌላ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

የመጀመሪያው ትውውቅ ነባሩ «የእኔ» ከሚለው ግቢ ውጭ ይሁን የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ችግሩ በእኛ አካባቢ ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚውሉበት መሆኑ ነው፤ ክትባቷን ያልጨረሰች ቡችላ እዚያ አፈር ላይ አትቀመጥም። እኛ ውሻ የሌለበት የጎረቤት ግቢ ለሁለት ከሰዓት ተዋስን። ዘበኛችን «እትዬ፣ ይበላታል እኮ! ዱላ ልያዝ?» ቢለኝም፣ መቻልን በላላ ማሰሪያ እሱ፣ ቡችላዋን እኔ ይዘን ጎን ለጎን ራቅ ብለን ተራመድን። መቻል ሁለት ጊዜ አጉረመረመ፤ እሷ በጀርባዋ ተገለበጠች፤ አሽትቷት ትቷት ሄደ። ትልልቅ ውሾች ለቡችላ የሚያሳዩት ትዕግሥት ቡችላዋ 4 ወይም 5 ወር ከሞላት በኋላ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ያ ትውውቅ ሳይዘገይ መደረጉ ጠቅሞናል።

በምግብ በኩል ምርጫው ከውጭ የሚገባው ደረቅ ምግብና ከሥጋ ቤት የሚገኘው ነው። ደረቁ ውድ ነው፤ የቡችላውና የትልቁም ስለሚለያይ ሁለት ከረጢት ይጠይቃል፤ ተከፍቶ በኪሎ የሚመዘነውን ግን መቼ እንደተከፈተ ስለማይታወቅ አልገዛም። እኔ ለቡችላዋ ደረቁን፣ ለመቻል ሳንባና ጨጓራ ከሩዝ ጋር ቀቅዬ እሰጣለሁ። መቀቀሉ ግድ ነው፤ በፋሲካና በገና በየግቢው ሲታረድ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያለበትን ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ልማዳችን ነው፤ ያ እብጠት የትል እጭ የያዘ ሲሆን፣ ትሉ በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ወደ ልጆቻችን እጅ ይመለሳል። ከዚህ የባሰ ፈተና የሚመጣው ግን በዐቢይ ጾም ነው። ለ55 ቀን ብዙው ሉካንዳ ይዘጋል፤ የቤቱ ትራፊ ሽሮና ምስር ይሆናል፤ ሁለቱም የሚሠሩት በሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬውም የተቁላላውም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ስለዚህ ቅበላው ሳያልፍ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ጋር ተነጋገሩ፤ ካልሆነም የተቀቀለ እንቁላል ያግዛል። ሳህኑ ሁለት ይሁን፤ ቦታውም የተራራቀ።

ማደሪያን በተመለከተ ብየዳ ቤቶች የሚሸጡት የቆርቆሮ ቤት ዝናብ ይከላከላል፤ ነገር ግን ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ለአናጢ ነግሬ ከዕቃ መጫኛ ፓሌት ያሠራሁት፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለው፣ በዋጋም በሙቀትም በልጦታል። አንድ ትልቅ ቤት ሳይሆን ሁለት ትንንሽ ቤቶች አሠሩ። ከሁሉ በላይ የረካሁበት ግዢ ግን ግቢውን ለሁለት የከፈልኩበት መረብ ሽቦ ነው፤ ምናለሽ ተራ የተገኘ አሮጌ ነው። በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ቡችላ ስትረብሸው ሸሽቶ ማምለጥ ስለማይችል ያለው አማራጭ መንከስ ብቻ ይሆናል፤ መረቡ ግን ለመቻል ብቻውን የሚተኛበት ጥግ ሰጠው።

ጊዜውን በተመለከተ በክረምት አታስገቡ፤ ጭቃው ሳያንስ በነሐሴ የቡሄ ጅራፍ ነባሩንም ያስደነግጠዋል። በጥቅምት የገባች የ10 ሳምንት ቡችላ ክትባቷን በኅዳር መጨረሻ ትጨርሳለች። የእኛም በራሷ እግር ከበሩ የወጣችው ያኔ ነበር፤ መቻል በቀኝ፣ እሷ በግራ፣ ዘበኛችን በመካከል ያለ ዱላ።